በበቅሎ የሞላ አስር ሺህ እርምጃ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ስኳር በቀበሌ ራሽን በሚታደልበት ዘመን ቦርጭ ያወጣሁ ጉደኛ እኔ ነኝ። ሐኪሙ የደም ግፊቴን ለክቶ፣ «ካልተራመዱ ልጆችዎን አያሳድጉም» አለኝ። ባለቤቴ አጠገቤ ቆማ ሰማች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳስነጥስ እንኳ ትደነግጥ ነበር።

ሞስኮ ተምሮ የተመለሰ የእህቴ ልጅ ቀበቶ ላይ የሚንጠለጠል እርምጃ ቆጣሪ ሰጠኝ። «ጋሼ፣ በቀን አስር ሺህ ይሙሉ» አለኝ። መጀመሪያ ሰሞን በረታሁ። ቁጥሩ ከፍ እንዲልልኝ ብዬ ቀበሌ ስብሰባ እንኳ በዙሪያ መንገድ እሄድ ነበር። ማታ ሳነብላት ባለቤቴ «ተመስገን!» ትላለች፤ እኔም ደረቴን እነፋለሁ።

ምን ያደርጋል፣ አንድ ቀን የጎረቤታችንን በቅሎ ተውሼ ጫጫ ለቅሶ ደርሼ ስመለስ ቆጣሪው አስር ሺውን አልፎ አገኘሁት። እግሬ መሬት ሳይነካ! ከዚያማ ምን አለፋኝ? ጎረቤቴ እህል ነጋዴ ነው፤ በየቀኑ በበቅሎው ገጠር ለገጠር ይዞራል። ቆጣሪውን ኮርቻዋ ላይ አንጠለጥል ጀመር። ጎረቤቴም «አንተ ሰው፣ አላህ ያያል እኮ!» እያለ ይስቅብኛል። እኔ ቢሮ ቁጭ ብዬ ሻዬን እጠጣለሁ፤ ማታ በቅሎዋ የለፋችውን ለባለቤቴ አነባለሁ።

አንድ ወር ሞላኝ። በማግስቱ ማለዳ ባለቤቴ ስንቋን ቋጥራ፣ ነጠላዋን አደግድጋ በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት።

«ወዴት ነው?»

«አንኮበር፣ በእግሬ። አንድ ወር ሙሉ ከተራመደልኝ ብዬ ለመድኃኔዓለም ተስዬ ነበር።»

ክው አልኩ። ያን ሁሉ አገር በእግሯ፣ ያውም ጉልበቷን የሚያማት ሴት! እውነቱን መናገር ፈራሁና ጫማዬን አድርጌ ተከተልኳት።

ገና ከከተማው ሳንወጣ ትንፋሼ ተቆራረጠ። ዞር ብላ ወገቤን አየች።

«ቆጣሪህስ?»

«በቅሎዋ ላይ ነው።»

«የቷ በቅሎ?»

አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ እኔ መሬት መሬቱን አያለሁ። እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።

«ታዲያ የበቅሎዋ ግፊት ወረደላት?» አለችኝ።

«እንመለስ በቃ። ስለቱ እኮ አልደረሰም» አልኳት።

«ከቤታችን አንድ ውሸታም ይበቃል» አለችና ስንቁን አሸከመችኝ። «ቅደም። ዛሬ የምቆጥረው እኔ ነኝ።»

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች ከኋላዬ መጣች።