ወፍ ዘራሹ ሠዓሊ

የሆስፒታሉን የሕፃናት ክፍል ግድግዳ የሚሥለው ሰውዬ መሰላሉ ላይ ከመውጣቱ በፊት ጫማውን አውልቆ ጥግ ላይ ያስቀምጣል። ሸሚዙ በቀለም ተዥጎርጉሮ ዋናው መልኩ ጠፍቷል፤ ኮሌታው ግን ሁልጊዜ እንደተተኮሰ ነው። ነርሷ መርፌ ይዛ ስትገባ ሕፃናቱ ማልቀሱን ትተው ወደ እሱ ስለሚያንጋጥጡ፣ በልቧ ስታመሰግነው ሰነበተች።

የሚሥለው ገጠር ነው፤ እሸት የያዘ ማሳ። እሸቱ ላይ ግን ግዙፍ ግዙፍ ወፍ ሰፍሮበታል።

«ኧረ ወንድሜ፣ ገበሬው ምን ይብላ? እህሉን ሁሉ ለወፍ ሰጠኸው እኮ!» አለችው አንድ ቀን።

«ዘመዶቼ ናቸዋ፣ እህቴ። እኔ ራሴ ወፍ ዘራሽ ነኝ» አለና ሳቀ።

ቀልድ መስሏት አብራው ሳቀች። እሱ ግን ብሩሹን ቆርቆሮው ላይ አሳረፈ።

«የምሬን ነው። እናቴ ማሳ ዳር ተጥዬ ነው ያገኙኝ። ጎረቤቱ ‹ማን እንደዘራው የማይታወቅ ልጅ ምን ያደርግልሻል?› ቢላቸው፣ ‹ወፍ የዘራውም ያፈራል፤ እኔ አልነቅልም› ብለው አዝለውኝ ቤታቸው ገቡ። ይኸው እስከ ዛሬ አንድ ቀን እንኳ የሌላ ሰው ልጅ መሆኔ እንዲሰማኝ አላደረጉም።»

ነርሷ ወደ መሰላሉ ጠጋ አለች። «አሁንም አሉ?» ብላ ጠየቀችው።

«አሉ እንጂ!» አለ ፊቱ በርቶ። «ሲያልቅ አመጣቸዋለሁ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ወፎቹን እንዲህ ያገዘፍኳቸው ይታዩዋቸው ብዬ ነው።»