ቅቤ ያልነካው ድስት

በደርግ ጊዜ ነው። የቀበሌያችን ሴቶች ማኅበር ኮምቦልቻ የእጅ ሥራ ባዛር አለ ብሎ ከደሴ በአውቶቡስ ወሰደን። መቅረት አይቻልም ነበር። ጊዜው ጾመ ፍልሰታ ነው። ትንሹ ልጄ የመጀመሪያ ጾሙን ይዞ በማግስቱ ሊቆርብ ስለ ነበር፣ መንገድ እንዳያደክመው ለሙስሊም ጎረቤቴ አደራ ሰጥቼው ሄድኩ።

ስፌቱም የሱፍ ባናውም ያምር ነበር። እኔ ግን የሸክላ ድስት ባየሁ ቁጥር የጎረቤቴ ድስት ቅቤ የጠገበ መሆኑ ትዝ እያለኝ ልቤ አልረጋ አለ።

ወደ ማምሻው ስንመለስ ልጄ ሮጦ አቀፈኝ። የምስመው መስዬ አፉን አሸተትኩት። ጎረቤቴ አየችኝ።

«አሽትቺው እንጂ አንቺዬ፣ ምን ያሳፍርሻል!» ብላ ሳቀች። «ወላሂ፣ በኑግ ዘይት ሽሮ ነው የሠራሁለት። ድስቱንም ጠዋት ገዝቼ ነው ያሟሸሁት። የእኔማ ቅቤ ጠጥቷል፤ ቢታጠብም አይለቅ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። «እግዜር ይስጥሽ» አልኳት።

በማግስቱ ልጄ ቆረበ። እኔም ከኋላው ቆሜ፣ ለእሷ ዕድሜ፣ ለራሴ ይቅርታ ስለምን ቅዳሴው አለቀ።