የእትዬ ሜትር ቁመት

እትዬ ሜትር ልብስ ሰፊ ናቸው። ስሙን ያወጡላቸው ደንበኞቻቸው ናቸው፤ ሜትሩ ከአንገታቸው ወርዶ አያውቅማ። ፀሐይ በማትደርስባት ጠባብ ክፍል፣ የስፌት መኪናቸው ላይ አጎንብሰው የሰፈሩን ሴት ሁሉ ሲያለብሱ ኖረዋል። ምሳቸው ሻይ በዳቦ ነበር። ወተት ሲቀርብላቸው «ከእንግዲህ ጥርስ አላበቅል» ብለው ይመልሱታል።

ስድሳን ካለፉ በኋላ ቀሚሳቸው መሬት ይጠርግ ጀመር። የዘንድሮ ጨርቅ ሲታጠብ ይረዝማል ብለው ነጋዴውን እያሙ ጠርዙን አጠፉት። ከርመው ደግመው አጠፉት። ልጃቸው ፈራ ተባ እያለች «እማዬ፣ አንቺ እኮ ነሽ ያጠርሽው» ብትላቸው አኮረፏት። ዕድሜ ልካቸውን ሰው ሲለኩ ኖረው፣ አዝራር አስተካክላ የማትተክል ልጅ ቁመታቸውን ልትነግራቸው።

አንድ ቀን ጥቅል ጨርቅ ከመደርደሪያ ሲያወርዱ ወገባቸው ቀጭ አለ። ብርድ ነው ብለው በቅባት እየታሹ ሰነበቱ። ቀና ማለት ሲያቅታቸው ልጃቸው በግድ ሐኪም ቤት ወሰደቻቸው። ነርሷ ከግድግዳው አስጠግታ ስትለካቸው፣ ከሚያውቁት ቁመት አራት ጣት ያህል ጎድለው ተገኙ።

«ልጄ፣ ይሄ ሜትራችሁ ተሳስቷል» አሏት በትሕትና።

ሐኪሙ ራጁን አሳያቸው። አጥንታቸው ሳስቶ የጀርባቸው አንጓዎች ቀስ በቀስ ተጨፍልቀዋል፤ አንዱ ደግሞ ጨርቁን ሲያወርዱ ተደርምሷል። የወር አበባ ከቆመ ወዲህ አጥንት ድምፅ ሳያሰማ እንደሚሳሳ፣ እስኪሰበር እንደማያም፣ ካልሲየም ያነሰው ምግብና ፀሐይ ያጣ ኑሮም እንደሚያባብሰው አስረዳቸው።

«ታዲያ ያጠርኩትን ትመልሱልኛላችሁ?»

«የሄደውን አንመልስም፤ የቀረው እንዳይሄድ ነው የምንጠብቀው» አላቸው። መድኃኒት አዘዘና ወተት፣ አረንጓዴ ቅጠል፣ ፀሐይና የእግር ጉዞ ጨመረበት። ከባድ ነገር እንዳያነሱም አስጠነቀቃቸው።

ወተቱን አፍንጫቸውን ይዘው ለመዱት። ጣጣው የወረደው ደንበኞቻቸው ላይ ነው። «ወፍረሻል» ብለው እንኳ ሰው የማያስቀይሙት እትዬ ሜትር፣ አሁን ዕድሜዋ ገፋ ያለች ሴት ስትመጣ «አጥረሻል፣ ሐኪም ዘንድ ታዪ» ማለት አመጡ። አንዳንዷ ጨርቋን ይዛ ሌላ ሰፊ ዘንድ ሄደች። ከሁሉም የተቆጡት የሰፈሩ ዳቦ ቤት ባለቤት ናቸው፤ ሰላምታም ነፈጓቸው። ወር ሳይሞላ ግን ሴትየዋ በጓሮ በር ብቅ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሐኪሙን አድራሻ ጠየቁ።

አሁን ሁለቱ በየጠዋቱ ፀሐይ እየሞቁ ይራመዳሉ። ወዴት ነው ሲሏቸው ባለ ዳቦ ቤቷ ቀደም ብለው «ዳቦ ልንገዛ» ይላሉ። እትዬ ሜትርም አያጋልጧቸውም።