«ጮክ በል» ያለኝ ሰው

በደርግ ጊዜ የጋዜጣ ሪፖርተር ነበርኩ። እኛ ለነገ የምናትመውን ሬዲዮ ዛሬ ማታ ያነበዋል። አለቃዬ ይሄ አንገብግቦት፣ «ዛሬም ሬዲዮ ከቀደመህ ዜናህን አላወጣውም» ብሎ ሽሮ ሜዳ ላከኝ። የሸማኔዎች ማኅበር አዲስ አዳራሽ ያስመርቃል። ዛሬስ ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልቀደምም!

ምረቃው አልቆ ዞር ዞር ብዬ ባይ ከሬዲዮ ማንም የለም። አውቶቡስ ብጠብቅ የነገው ጋዜጣ ገጽ ይዘጋብኛል። ቀበሌ ሮጥኩ። «ስልኩ ለቀበሌ ሥራ ብቻ ነው» የሚለውን ጸሐፊ ተከራክሬም ለምኜም አሸነፍኩትና ዜናውን ለቢሮዬ ቃል በቃል ማስጻፍ ጀመርኩ። መስመሩ ይንኮሻኮሻል።

ከኋላዬ ዳገቱን ሮጦ የመጣ የሚመስል ሰው ተራ ይጠብቃል።

«ጓድ፣ ጮክ በል እንጂ! አይሰሙህም እኮ!»

ጮህኩ።

«ቀስ እያልክ! የሰብሳቢውን ስም ድገምላቸው!»

ደገምኩት። እንዲህ ለሰው የሚያስብ አይቼ አላውቅም። ስጨርስ ላብ በላብ ሆኜ የስልኩን እጀታ ከምስጋና ጋር አቀበልኩት።

ቁጥሩን አዞረ።

«ሃሎ፣ ሬዲዮ ጣቢያ? አዎ፣ እኔ ነኝ። የሽሮ ሜዳውን ለማታው ጻፉ» አለና የእኔን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ጀመረው።