«የሚያበርድ» የምትለዋ ቃል

ባሌ ልብስ ሰፊ ነው። ፓርኪንሰን እጁን ማንቀጥቀጥ ሲጀምር፣ «ከእንግዲህ ዚግዛግ ብቻ ነው የምሰፋው» እያለ ደንበኞቹን ያስቅ ነበር። አሁን መርፌ ላይ ክር ማስገባቱ ቀርቶ የሸሚዙን ቁልፍ የምቆልፍለት እኔ ነኝ። ቀልዱም ጠፍቷል።

ዛሬ ጠዋት ሐኪሟ፣ «አንጎል ውስጥ ያለው ብግነት በሽታውን ሳያባብሰው አይቀርም። እሱን የሚያበርድ መድኃኒት እየተሞከረ ነው፤ ይሥራ አይሥራ ግን ገና አልታወቀም» አለችን። እሱ የሰማው «የሚያበርድ» የምትለዋን ብቻ ነው።

ከገበያ ስመለስ፣ በረዶ የተጠቀለለበት ፎጣ ራሱ ላይ ጭኖ ስፌት መኪናው ፊት ተቀምጧል። ውሃው በአንገቱ ይወርዳል። እኔም ብግን አልኩ።

«አንተ ሰውዬ፣ አብደሃል? በዚህ ላይ የሳንባ ምች ልትጨምርልኝ ነው?»

«ይብረድ አላለችም?»

«በመድኃኒት ነዋ ያለችው! እሱም ገና ነው!»

«እስኪመጣ ድረስስ ምን ላድርግ?»

ፎጣውን መንጭቄ ልወረውረው ስል በረዶው ቀልጦ አልቋል፤ ፎጣው ሞቋል።

ማቀዝቀዣውን ከፍቼ አዲስ በረዶ ጠቀለልኩበትና መልሼ ራሱ ላይ ጫንኩለት።