ለአባቷ ሞተር ሌላ ጎማ

ቡሎን ነበር የሚሏት። ስሙን ያወጡላት የአባቷ ጋራዥ ሰዎች ናቸው። ቁመቷ አጭር፣ ክንዷ ድፍን፣ ነገሯ ደግሞ አንዴ ከጠበቀ በመዶሻም የማይፈታ ስለነበረ ነው። አባቷ ሞተር ሳይክል ጠጋኝ ነበር። ሲሞት ለታላቅ እህቷ ቤቱን፣ ለእሷ ደግሞ ከእሷ ዕድሜ የሚበልጥ ሞተሩን ተወላት። "ለሴት ልጅ ሞተር!" ብሎ ዘመድ ሁሉ ሳቀ። ይሳቅ! እሷ የአባቷን ብረት እየወለወለች ባል አገባች፤ ባሏ ግን ከሳቁት ዘመዶች ሁሉ የባሰ ሆኖ ተገኘ።

ሾፌር ነው፤ ትልቅ የጭነት መኪና ይነዳል። ለመንገደኛው ሁሉ ሰላምታ አይነፍግም፣ ጎረቤትም "ጨዋ ሰው" ይለዋል። ጨዋ! ጨዋነቱን በር ላይ አውልቆ ነበር የሚገባው። ምግቡ ቀዘቀዘ ብሎ ይመታል፣ አቃጠለኝ ብሎ ይመታል፣ መንገድ ላይ ትራፊክ ከተቆጣው ቤት መጥቶ እሷ ላይ ይወጣዋል። አንድ ቀን የሚመታበት አጥቶ ዙሪያውን ሲያይ፣ ከሞተሩ መሪ ላይ የፊት ፍሬኑን ገመድ ጎትቶ በጠሰና በእሱ ገረፋት። ያ ገመድ የተጠማዘዘ ሽቦ ነው፤ ሥጋ ይዞ ነው የሚነሳው። ሲበቃው ገመዱን ሽንት ቤት ጉድጓድ ከተተው። ጀርባዋ እስኪድን በሆዷ ተኝታ ስታስበው፣ እዚህ ቤት ከቆየሁ የምወጣው በሬሳ ነው አለች።

እህቷ ያለችው ሌላ ከተማ ነው። "ቤቴ ቤትሽ ነው፣ ነይልኝ" ብላታለች። መድረሱ ነው እንጂ ጣጣው! አውቶቡስ ብትሳፈር የመስመሩ ሾፌር ሁሉ ወዳጁ ነው። አንዴ ከመናኸሪያ አስወርደው "ባልሽን አታዋርጂ" እያሉ እጇን ይዘው መልሰው አስረክበዋታል። የቀራት የአባቷ ሞተር ነበር። በእሱም ሞክራለች። ግቢው በር ላይ ስትደርስ እጁን ዘርግቶ መሃል ላይ ቆመባት፤ ሰው ነውና የቀራትን የኋላ ፍሬን ረገጠች። በፀጉሯ ጎትቶ አወረዳት። ከዚያ ትልቁን መዶሻ ከመኪናው አምጥቶ የኋላውን ጎማ ቸርኬ እንደ ቆርቆሮ እስኪጣጠፍ ወቀጠው። ከሚበጠሱት የጎማው ሽቦዎች አንዱ ዘሎ ጉንጩን ቢቧጥጠው ለዚያም እሷን መታት።

"በይ አሁን ሂጂ!" አለ እየሳቀ። አውቆ ነው የሠራው። የዚያ ሞተር የኋላ ጎማ ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል፤ የሌላውን ደግሞ አይቀበልም ሲባል በየጋራዡ ሰምቷል። አይቀበልም! እንዲህ የሚሉት ሞክረው የማያውቁ ናቸው።

ባሏ ጭነት ይዞ በወጣ ማግስት፣ ጎረቤቷ፣ ብረት የሚቀርጸው ቶርኖ ሠራተኛ፣ በአጥሩ ላይ አንድ ጎማ አሻገረላት። ሽማግሌ ነው፤ ከአባቷ ጋር የሠራ፣ ጩኸቷን ዘወትር የሚሰማ፣ አንድ ቀን እንኳ በሯን ያላንኳኳ።

"ከወዳደቀ ሞተር የፈታሁት ነው። ልኩ አይደለም፣ አንቺ ግን መላ አታጪለትም" አለ ዓይኗን ሳያይ።

"ጋሼ፣ ያን ሁሉ ስጮህ የት ነበሩ?" አለችው።

"ፈሪ ነኝ ልጄ" አለና የብረት መጋዙንም ጨምሮ አቀበላት።

የመጣው ጎማ መሃሉ ጠባብ ነው። ፔርኖው፣ ጎማውን ከሞተሩ የሚያስረው ዘንግ፣ ደግሞ ከድሮው ይቀጥናል። ጎማውን ግራና ቀኝ በሚይዘው የሞተሩ ሹካ መሃል ብታስገባው ወዲያና ወዲህ ይዋልላል። ክፍተቱን የሚሞላ የብረት ቀለበት ያስፈልጋል፣ ለቀለበቱ ደግሞ ቧንቧ። ግቢውን ብታስስ ቧንቧ የለም። ቤት ገብታ ዓይኗ አልጋው ላይ አረፈ። የብረት አልጋ ነው፣ የሠርጋቸው። እግሩን በፔርኖው ለካችው፤ ልክክ! ፍራሹን ገልብጣ አንዱን እግር ትገዘግዘው ጀመር። እየገዘገዘች ሳቀች፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ከልቧ ሳቀች። ስትጨርስ አልጋውን በጡብ ደግፋ አንሶላውን አነጠፈችበት።

ካቴናው፣ ጎማውን የሚያዞረው ሰንሰለት፣ የሚያርፍበትን ጥርስ ከተሰበረው ጎማ ፈታ ወደ አዲሱ አዛወረች። ገጠመችው፣ ጎንበስ ብላ አየችው፣ ተሳደበች። ካቴናው ተንጋዷል። እንዲህ ሆኖ ከሄደ መንገድ ላይ ዘሎ እግር ይቆርጣል። እንደገና ፈታችው። የቀኙን ቀለበት አሳጠረች፣ ለግራው ረዘም ያለ ቆረጠች፣ ከኋላው ጎማ እስከ ፊተኛው ክር ወጥራ አስተካከለች። ጣቷ ተላጠ፤ ደሙን በቀሚሷ ጠረገችው። ካቴናው ቀጥ ብሎ ሲዞር "አባዬ፣ እየው!" ብላ ብቻዋን ጮኸች።

የቀረው ፍሬን ነበር፤ ነገሩ የከፋውም እዚህ ላይ ነው። የጎማው የፍሬን ክዳን ከሞተሩ አካል ጋር በብረት ካልታሰረ፣ ፍሬን ሲረገጥ ክዳኑ አብሮ ይዞርና ጎማውን ባለበት ይቆልፈዋል። አባቷ እንዲያ ሆኖ የሞተ ሰው ከመንገድ ላይ አንስቷል። የድሮው ማሰሪያ ብረት ለዚህኛው አልደርስ አለ። ሌላ ለማሠራት ደግሞ ጊዜ የለም። ስለዚህ የፍሬኑን ዘንግ ከነጭራሹ ፈታ ጣለችው። ሳይታሰብ ከሚቆልፍ ፍሬን ያለ ፍሬን መሄድ ይሻላል፤ በማርሽ እያቀዘቀዝኩ እደርሳለሁ ብላ ቆረጠች።

ጓሮ ሆና የልብሷን ቋጠሮ መቀመጫው ላይ ስታስር የጭነት መኪናው ድምፅ መጣ። መመለሻው ነገ ነበር።

እሱ ግን አላያትም፤ በቀጥታ ወደ ቤት ገባ። ጫማውን ሊያወልቅ አልጋው ላይ ዘፍ ሲል ጡቡ ከዳውና አልጋው ከነሰውዬው ወለሉ ላይ ተደረመሰ። ስድቡ ግቢውን አናወጠው። የተቆረጠውን እግር አየ፣ ነገሩ ገባው፣ ቀበቶውን እየፈታ ወደ ጓሮ ወጣ።

"አልጋዬን!" አለ።

የመጀመሪያው ምት በቀበቶው ዘለበት ጆሮዋ ላይ አረፈ። ሁለተኛው አፏን አገኘው። ሻሿን ጨምድዶ ጭንቅላቷን ከነዳጅ ታንከሩ ጋር አጋጨው፣ ደገመው። እጇ መሬት ላይ ሲደናበር የድሮውን ወፍራም ፔርኖ አገኘችና ክርኑን አለችው፤ አጥንቱ ሲንቋቋ ሰማች። ለቀቃት። በትዳር ዘመኗ ሁሉ አንድ ቀን እጇን አንስታበት የማታውቅ ሴት! ደስ አላት፤ አዎ፣ ደስ አላት። ሞተሩ ላይ ወጥታ ረገጠችው። እምቢ አለ። ረገጠችው። ተነሳ።

እሱ አልተከተላትም። ምን ቆርጦት! ክርኑን አቅፎ በቤቱ በሌላ ጎን ዞረና መሃል በሩ ላይ ሄዶ ቆመ። ከጓሮ እስከ በሩ ቁልቁለት ነው። ደህናውን እጁን ዘረጋ።

"ዞር በል! ፍሬን የለውም!" ብላ ጮኸች።

"እሱን ለማያውቅሽ ንገሪ!"

"ብዋሽ የአባቴ አጥንት ይውጋኝ! ፈትቼዋለሁ! የፊቱንም አንተው ነህ የበጠስከው፣ ዞር በል!"

"ሬሳዬን ተራምደሽ ሂጂ!" አለና ሳቀ። ከተጋቡ ጀምሮ አንድም ቀን ያለችውን አምኗት አያውቅም፤ ዛሬም አላመናትም።

የፊቱ ጎማ ከጉልበቱ በታች አገኘው። ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ተሰማ። እሱም እሷም ሞተሩም በሩ ላይ ተደራርበው ወደቁ። ቅልጥሙ መታጠፍ በማይገባው ቦታ ታጥፎ፣ ሱሪው በደም ርሶ ነበር።

"ገደልሽኝ! ገደልሽኝ!" እያለ አፈሩን በጥፍሩ ቧጠጠ። "ምናለ ፍሬኑን ብትይዢው!"

"ነገርኩህ እኮ" አለችው።

የሷም ክርን ተገሽልጦ ደሙ ይንጠባጠባል። ሞተሩን ጎትታ አቆመችው። ሽማግሌው ጎረቤት ጩኸቱን ሰምቶ ወጥቶ ነበር። ሾፌሩን አየ፣ እሷን አየ። "ሂጂ" አለ፤ "ለእሱ ሰው እጠራለታለሁ።" ቋጠሮዋን አጥብቃ ሄደች።

እህቷ በር ላይ ተቀበለቻት። አፏን አየች፣ ጆሮዋን አየች፣ ደረቷን እየደቃች ሰውየውን እስከ ሰባት ትውልዱ ረገመችው። ቡሎን አንድም ሳታስቀር የሆነውን ሁሉ ነገረቻት።

"ታዲያ ምን ታደርጊ፣ ፍሬን ከሌለው" አለች እህቷ እንባዋን እየጠረገች። "የራሱ ሥራ ነው ያገኘው። አንቺ ፈልገሽ አይደለም።"

"እታለም፣ ሞተሩ ማጥፊያ አለው። መሪው ላይ። ማርሽ እንደገባ ካጠፉት እዚያው ቀጥ ይላል።"

"ደንግጠሽ ረስተሽው ነዋ!"

"አልረሳሁትም። አውራ ጣቴ እላዩ ላይ ነበር።"

እህቷ ማልቀሷን አቆመች። መንገዱን ግራና ቀኝ አየት አደረገች፣ ሞተሩን ራሷ እየገፋች ግቢ አስገባችው፣ በሩንም ቆለፈች።

"ነይ ግቢ" አለች። "ክርንሽን ልጠብልሽ።"