የሞ ዶክሱ የቁርቁራ ማኅተም

ዛሬ ዲሴምበር 9 ቀን 2019 ነው። ስሜ ፕዮ ቻንግሶክ ይባላል። የምጽፈው ስለ ራሴ ሳይሆን አርባ ስድስት ዓመት በአንድ አጥር ስለተዋሰንኳቸው ጎረቤቴ ስለ አቶ ሞ ዶክሱ ነው። ያየሁትን እንዳየሁት አስቀምጣለሁ፤ የሰማሁትንም ከማን እንደሰማሁት እገልጻለሁ።

አቶ ዶክሱ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ዕድሜያቸውን በሙሉ ሩዝ ሲያመርቱ ኖረዋል። ከቤታቸው ጀርባ ከአባታቸው የወረሷት፣ ባቄላና ነጭ ሽንኩርት የሚዘሩባት ቁራሽ መሬት አለቻቸው። ትዳር ሲይዙ ይህች መሬት በመንግሥት ካርታ ላይ አረንጓዴ ነበረች፤ እርሻ ማለት ነው። በ1991 ከዋና ከተማው ከሴኡል የመጡ ባለሙያዎች ቢጫ ቀቧት፤ ፋብሪካ ይተከላል ተባለ፤ አልተተከለም። በ2004 ሐምራዊ ሆነች፤ ዋና ከተማውን ያጨናነቀው ሕዝብ ወደ እኛ የሚበተንበት አዲስ ከተማ ይቆረቆራል ተብሎ በመንገዱ ላይ ትልቅ ጨርቅ ተሰቀለ። ጨርቁን ነፋስ ቀደደው። በ2015 ደግሞ ግራጫ መስመር ተሰመረባት፤ ለወደፊት ልማት የተጠበቀች ማለት ነው። በተጠበቀ መሬት ላይ የቆየ ጣሪያ መጠገን እንጂ አዲስ ቤት መሥራት አይፈቀድም። አቶ ዶክሱ ቀለሙ በተለወጠ ቁጥር የአዲሱን ትርጉም ጠይቀው ይረዱና ወደ ሥራቸው ይመለሱ ነበር።

ባለፈው ዓመት መጨረሻ ግን ጉዳዩ ሌላ ሆነ። በአንሳን ከተማ በሆስፒታል ወጥ ቤት የምትሠራው ብቸኛ ልጃቸው ሚራን ደወለች። የነገረቻቸውን አቶ ዶክሱ በአጥር ላይ ሆነው ቃል በቃል ደገሙልኝ። «አባዬ፣ ጉልበቴ ቆሞ መሥራት አልቻለም። እርስዎም ብቻዎን ነዎት። ከቤቱ ጀርባ ሁለት ክፍል ልሥራና ልምጣ። የሚቀጥለው ዓመት ብርድ ሳይገባ ፈቃድ ካልተገኘ ግን የዚህን ቤት ኪራይ ለሁለት ዓመት ማደሴ ነው።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ሰውየው የሚያወሩት ስለ ሁለቱ ክፍሎች ብቻ ሆነ። መስኮቱ በየት በኩል እንደሚሆን ሳይቀር ወስነው ነበር።

አሁን ስለ ማኅተም መናገር አለብኝ። በመንደራችን ሰው ሁሉ ስሙ የተቀረጸበት፣ በፊርማ ፋንታ የሚያትመው ጣት የሚያህል ማኅተም አለው። የአቶ ዶክሱና የባለቤታቸው የወይዘሮ ና ሱንዬ ማኅተሞች ከአንድ የቁርቁራ እንጨት ለሠርጋቸው የተቀረጹ ናቸው። ማዳበሪያ ሲመጣና ኖራ ሲታደል ማኅተም ይጠየቃል፤ ሽማግሌዎቹም በየጊዜው መመላለስ ስለሚታክታቸው ማኅተማቸውን ለመንደሩ ሊቀመንበር ለጉክ ዮንግቤ ትተውለታል። እሱም በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ያኖራቸዋል። በቆርቆሮው ውስጥ የሌለው የእኔ ብቻ ነው። ዮንግቤ በዚህ ይስቅብኛል። «ጋሼ ፕዮ፣ እርስዎ የሞቱ ዕለት ገናዦቹ መጀመሪያ ኪስዎን መበርበር አለባቸው» ይለኛል። እኔም ያ ቆርቆሮ ቁልፍ እንደሌለው እነግረዋለሁ።

ሆኖም ዮንግቤ ክፉ ሰው አይደለም። ወይዘሮ ሱንዬ ኩላሊታቸው ታሞ በነበረበት ጊዜ በሳምንት ሦስት ቀን ሆስፒታል እየወሰደ ይመልሳቸው ነበር፤ እስኪሞቱ ድረስ ሁለት ዓመት። አቶ ዶክሱ ከቀብሩ በኋላ የሚስታቸውን ማኅተም አልወሰዱም። «ከእኔው ማኅተም ጋር ትቀመጥ» እንዳሉት ዮንግቤ ነግሮኛል።

በኖቬምበር ስለተጠበቀው መሬት በወረዳው አዳራሽ የነዋሪዎች ስብሰባ ተጠራ። ሁለት ባለሙያዎች ከሴኡል መጥተው ነበር። ፕሮፌሰር ሶል የሚባሉት፣ የአገሩ ሕዝብ እኩሌታ በዋና ከተማው ዙሪያ መከማቸቱን በሥዕል አሳዩ። ያለንን ጥቂት ሀብት እንደ ውኃ በየመንደሩ ብንረጨው መሬቱን ሳያረጥብ ይደርቃል፣ በአንድ ከተማ ሰብስበን በዙሪያው ያለውን መሬት ሳይሸራረፍ ማቆየት አለብን አሉ። ሁለተኛዋ ባለሙያ ደግሞ፣ መሬት የጊዜ ገደብ ሳይኖረው ተይዞ ሲቆይ የሚያልቀው የሽማግሌዎች ዕድሜ ስለሆነ ወይ ቀን ይቆረጥለት ወይ ይለቀቅ አሉ። በሁለቱም ንግግር ውስጥ ሐሰት ፈልጌ አላገኘሁም። ሁለቱ እጅ ተነሣሥተው ውኃ ጠጡ።

ከዚያም ነዋሪ ይናገር ተባለ። አቶ ዶክሱ ለልጃቸው ሠርግ የገዙትን ኮት ለብሰው ተነሡ።

«እኔ የከተማውን ነገር አላውቅም» አሉ። «ከቤቴ ጀርባ ያለችዋን ብቻ ልቀቁልኝ። ልጄ ሁለት ክፍል ትሥራባት። ከተማው የመጣ ዕለት እኔው ራሴ አፈርሰዋለሁ።»

ፕሮፌሰሩ ወረቀት አገላብጠው በትሕትና መለሱ። «አባት፣ ይገባኛል። ነገር ግን መሬቱ እንደተጠበቀ እንዲቆይ መንደሩ ባለፈው ዓመት ተስማምቷል። የእርስዎም ማኅተም አለበት።»

ወረቀቱ መጣላቸው። አጠገባቸው ስለነበርኩ አየሁት። የእሳቸው ማኅተም በቀይ ቀለም ታትሟል፤ ከጎኑ የወይዘሮ ሱንዬ አለ። ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠው የዮንግቤ ማጅራት ቀላ። ነገሩን ራሱ በኋላ አስረድቶኛል፦ ከወረዳው ደውለው በስብሰባ የተገኙ ሰዎች የሚያትሙበትን ቅጽ በዕለቱ ሞልቶ እንዲያመጣ አዘዙት፤ አጨዳ ነበርና በቅጹ ራስጌ ላይ ስምምነት የሚለውን ሳያነብ ቆርቆሮውን ከፍቶ ሁሉንም አተመ።

አቶ ዶክሱ «እኔ አላተምኩም» ቢሉ ወረቀቱ ይወድቅ ነበር። ዮንግቤም በሰው ማኅተም ተጠቅሟል ተብሎ ፍርድ ቤት ይቆም ነበር። ልናገር ከወንበሬ ስነሣ አቶ ዶክሱ ትከሻዬን ይዘው ተጫኑኝ።

«አንተ ተቀመጥ» አሉኝ።

ጣታቸውን በሚስታቸው ስም ላይ አደረጉ።

«ማኅተሙ የእርስዎ ነው?» አሉ ፕሮፌሰሩ።

«የእኔ ነው። የሚስቴም ነው።»

ፕሮፌሰሩ አመስግነው ወደሚቀጥለው አለፉ።

ስንመለስ በአውቶቡስ ውስጥ ያጡትን ነገር ዘርዝሬ ነገርኳቸው። ሳያቋርጡ ሰሙኝና «ቻንግሶክ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ያመላለሳት ማን ነበር? አንተ ነህ?» አሉኝ።

ሚራን ኪራዩን አደሰች። አቶ ዶክሱ ይህን በአጥር ላይ በአንድ ቃል ነግረውኝ ነጭ ሽንኩርቱን በገለባ መሸፈናቸውን ቀጠሉ። መስኮቱ ይሆናል ያሉት ቦታ ላይ አሁን ገለባ ብቻ አለ። ዮንግቤ ሁለቱን ማኅተሞች በመሐረብ ጠቅልሎ ሊመልስላቸው መጥቶ ነበር። የሚስታቸውን ተቀበሉ፤ የራሳቸውን ግን በፌብሩዋሪ ማዳበሪያ ስለሚመጣ መልሰው ሰጡት።

በወረቀቱ ላይ ወይዘሮ ና ሱንዬ ኦክቶበር 17 ቀን 2018 ተስማምተዋል ይላል። ሬሳቸውን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነበርኩ፤ ሆኖም ትዝታዬን ስለማላምን ትናንት ወደ ኮረብታው ወጥቼ የመቃብሩን ድንጋይ የሸፈነውን ሽበት ፍቄ አነበብኩ። የሞቱት ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2014 ነው።